ሞተርና እንሰት፦ በሐዋሳ ዙሪያ የእርሻ መሣሪያ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ ሲደርስ፣ ከከተማይቱ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው መናኸሪያ፣ ከገጠር የመጣውን የሚቀበልና ወደ ገጠር የሚሄደውን የሚሸኝ የመንገደኛና የነጋዴ ሰፈር ሆኖ ይገኛል። ከሲዳማ ደጋ በማለዳ የሚወርደው ጭነት በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ቆጮ፣ በጆንያ የተሞላ ቡና፣ ሸንኮራና አቮካዶ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ በዚያው መኪና ጣሪያ ላይ ተመልሶ የሚወጣው ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ የፕላስቲክ ቱቦና የወፍጮ መለዋወጫ ነው። የሚወርደው የአትክልቱ ፍሬ፣ የሚወጣው የፋብሪካው ሥራ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ሞተር ወደ ገበሬው ማሳ የሄደበትን መንገድ ታሪክ ለመጠየቅ ይገደዳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ሞተር ወደዚህ አገር ከገባ ጀምሮ አፈርን ወደሚገለብጠው ሥራ እየፈጠነ እንደ ሄደና፣ አፈርን በሚያድሰው የጓሮ አትክልት ውስጥ የሴቲቱን ክንድ ወደሚሰብረው ሥራ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዞር ብሎ እንዳላየ ነው።

ሐዋሳ ራሷ የቅርብ ዘመን ከተማ ናት። ቀድሞ አዳሬ እየተባለ ይጠራ በነበረው የሐይቅ ዳር ግጦሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረችው፣ በዚያ ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩት በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም አሳቢነት ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ የጠቅላይ ግዛቱን ዋና ከተማነት ከይርጋ ዓለም ተረከበች፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል በተመሠረተ ጊዜም ርእሰ ከተማው ሆነች። ከተማይቱ ሜዳ ላይ ናት፤ በስተ ምሥራቅ የወንዶ ገነት ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ ሐይቁ ይዋሰኗታል። ሜዳው ሰፊ ስለ ሆነ፣ ትራክተር ለሚነዳ ሰው ዐይን የሚማርክ ነበር፤ የሲዳማ ገበሬ ግን ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን የመሠረተው ከሜዳው ይልቅ በደጋውና በወይና ደጋው ተዳፋት ላይ፣ ከቤቱ ጀርባ በተከለው እንሰት ውስጥ ነበር።

እንሰት በሰሜኑ ሰው ዘንድ ከቅጠሉ በቀር እምብዛም አይታወቅም፤ ኮባ ተብሎ ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ይፈለጋል እንጂ ለምግብነት የሚያስበው የለም። ይሁን እንጂ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ገብቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የእንሰትን ሥዕል ከነገለጻው ማቅረቡ፣ ተክሉ በሰሜንም ይታወቅ እንደ ነበር ይመሰክራል። በደቡብ ግን ዛሬ ሃያ ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የሰሜኑን አገር ባጠፋ ጊዜ የእንሰት አገሮች በዚያ መጠን አለመጎዳታቸው ብዙ ሊቃውንትን ወደዚህ ተክል አዙሯል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፦ እንሰት እንደ እህል በአንድ ወር ተዘርቶ በሌላ ወር የሚታጨድ ሳይሆን፣ እንደ አገሩ ደጋነትና ቆላነት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በመሬት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የቁም ጎተራ ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ እድገቱ ይዘገያል እንጂ እንደ በቆሎ በአንድ ጊዜ ነድዶ አያልቅም።

የጓሮው ሥርዓትም እንደዚሁ የረቀቀ ነው። ከብቱ በሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ሲነጋ ፍጉና የቤቱ ጥራጊ ከምድጃው አመድ ጋር ተጠርጎ በእንሰቱ እግር ሥር ይፈሳል፤ የደረቀው ቅጠልም እዚያው ወድቆ መሬቱን ያለብሳል። ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ አሚቾው፣ ማለት ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ፣ ለሁለት ወይም ለአራት ተከፍሎ ሲቀበር ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ችግኙም ሁለት ሦስት ጊዜ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ በየጊዜው ርቀቱ እየሰፋ ሲተከል፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ የልዩ ልዩ ዕድሜ እንሰት አብሮ ይቆማል። በጥላው ሥር ቡና፣ ጎመንና ቦይና ይበቅላል። በቆሎውና ሌላው አዝርዕት ከቤቱ ራቅ ባለው ማሳ ላይ የሚዘራ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች የሁለቱን አፈር ለክተው ሲያወዳድሩ የጓሮው በብስባሽና በንጥረ ነገር የበለጸገ፣ የሩቁ ማሳ የተራቆተ ሆኖ አግኝተውታል። አሜሪካዊው ሮበርት ሮዴል በ1980ዎቹ ዓመታት አፈርን የሚያድስ ግብርና ብሎ ለዓለም ያስተዋወቀው ትምህርት፣ መሬትን ሳይሸፍኑ አለመተው፣ ያለ አስፈላጊነት አለመገልበጥ፣ ልዩ ልዩ ተክልን ከእንስሳት ጋር አስተባብሮ ማኖር የሚሉ ሕግጋት ያሉት ሲሆን፣ የሲዳማና የጌዴኦ እናት ግን ይህ ትምህርት ከመሰጠቱ አስቀድሞ ለዘመናት ስትፈጽመው ኖራለች። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ የገባው በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ነው።

የበሬው እርሻ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ ያሉት ይህ ዕቃ በሰሜን ኢትዮጵያ ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ዳገት የሚወጣው፣ ብረቱን ቀጥቃጩ፣ እንጨቱን ገበሬው ራሱ የሚሠራው ጥበበኛ መሣሪያ ነው፤ ስለ እርሱ ክፉ ለመናገር የሚደፍር ሰው ጤፍ በልቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሆኖም ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ ስለማይገለብጥ፣ ለጤፍ መሬት ለማለስለስ አራትና አምስት ጊዜ እየተመላለሱ፣ አንዱን ትልም በሌላው ላይ እያቋረጡ ማረስ ግድ ይሆናል፤ የለሰለሰውና የተራቆተው አፈርም የሐምሌን ዝናብ በባዶ ገላው ይቀበላል። ስዊሳዊው ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ላይ ተመሥርተው እንደ ገመቱት፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በያመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። የዚህን ምሳሌ ለማየት ከሐዋሳ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርደው ውሃ የሚያርፍበት ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር፤ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል፤ ከዚያ የሚወጣው ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝም የቀረውን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ያደርሳል። ሐይቁ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የሌለው ስለ ሆነ፣ የመጣለትን ደለል ሁሉ እንደ ያዘ ይቀራል።

በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት መጨረሻ ዘመን ትራክተር በዚህ ሁሉ ላይ መጣ። ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የተዘረጋው ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ታላቅ ተስፋ የሰጠ ሲሆን፣ የእርሻ መኪና ያለ ቀረጥ እንዲገባ መፈቀዱና ለእርሻ የሚውለው ነዳጅ ከግብር ነጻ መደረጉ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ ሜዳ ጭምር፣ ገንዘብና ወዳጅ ያለው ሰው ሁሉ በቆሎና ስንዴ ለመዝራት ትራክተር እንዲገዛ አበረታታ። የነገሩ ፍጻሜ በአርሲ፣ በጭላሎ በግልጥ ታየ። በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው ትንሹን ገበሬ በተሻለ ዘርና በማዳበሪያ ማገዝ ነበር፤ ነገር ግን ምርቱ ሲያድግና መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ፣ ባለ ርስቱ ከጭሰኛው ጋር ሲሶና እኩል ከሚካፈል ይልቅ ትራክተር ተከራይቶ ሁሉንም ለራሱ ማረስን መረጠ፤ ጭሰኛውም ከነቤተ ሰቡ ተነሣ። ድርጅቱ ይህን ሲያይ ለትልልቅ ባለ መሬቶች እርዳታ ከልክሎ ነበር፤ መኪናው ግን በገበያ ስለሚገኝ የእርሱን ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1970፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት አነስተኛ ይዞታ በበዛበት አገር ስለ ሠራ እንዲህ ያለው መቅሠፍት አልከፋበትም።

እኔ በዚህ ጕዳይ ትራክተርን ብቻውን ለመኰነን አልፈልግም። ያለ ዋስትና በሰው መሬት ላይ የሚኖር ጭሰኛ ባልነበረበት አገር ያው መኪና ያንን ያህል ጉዳት አያደርስም ነበር፤ ለጭሰኛው መነሣት ምክንያቱ የመሬት ሕጉ ነው፣ ሞተሩ ሥራውን አፋጠነለት እንጂ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ሲደነግግ ጭሰኝነት ቀረ፤ የሜዳው የንግድ እርሻዎች ግን ለትንሹ ገበሬ ከመከፋፈል ይልቅ ከነትራክተራቸው የመንግሥት እርሻ ሆነው ቀጠሉ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ሞተሩ የቆመበት ቦታ ግን አልተለወጠም። በ1968 ዓ.ም. በሐዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ኋላም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን፣ በአገሪቱ በነበረው ልማድ መሠረት የእርሻ መሣሪያ ሲባል በተማሪው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሚያርስ መሣሪያ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ ከትራክተሩ ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚርቀው ጓሮ ውስጥ፣ አንዲት እናት እንሰት ስትፍቅ ምን እንደምታደርግ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የደረሰው እንሰት ከተቈረጠ በኋላ፣ ተደራርበው ግንድ የመሰሉት ሰፋፊ የቅጠል እግሮች አንድ በአንድ ይገነጠላሉ። እናቲቱ ዘንበል ብሎ በተተከለ ጣውላ ፊት ለፊት መሬት ላይ ትቀመጥና፣ የልጣጩን አንድ ጫፍ በጣውላው ራስ ላይ አስደግፋ፣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ በተረከዟ ትረግጠዋለች፤ ከዚያም በሁለት እጇ በያዘችው የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች በኃይል ትስባለች። ውሃውና ነጩ ሥጋ ከታች በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይፈሳል፤ ጣውላው ላይ የሚቀረው ክር ቃጫ ነው። አሚቾው ጥርስ ባለው መሣሪያ እየተወቀረ ይደቅቃል። ከተጨመቀው ውሃ ግርጌ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የተቀረው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ቦክቶ ቆጮ ይሆናል። ሥራው ጀርባን ያጎብጣል፣ ጭንንና ትከሻን ያዝላል፤ የእንሰቱ ውሃ እጅን ያሳክካል። በብዙ የእንሰት አገሮች ልማድ ወንድ ይተክላል፣ ይነቅላል፣ ያዛውራል፤ መፋቁ ግን የሴቶች ብቻ ነው፤ ፍቂያው በሚካሄድበት ጊዜ ወንድ ወደ ቦታው ቢቀርብ ነውር ተደርጎ የሚቈጠርባቸው አካባቢዎችም አሉ።

የሞተር ጥበብ ለምን ወደዚህ ጣውላ ዘግይቶ ደረሰ ቢባል፣ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። በቆሎና ስንዴ ለገበያ ይወጣሉ፣ በኩንታል ይለካሉ፣ በዕቅድ መጽሐፍ ውስጥ ቍጥር ይሆናሉ፤ በጓሮ ተፍቆ በቤት የሚበላ ቆጮ ግን በየትኛውም መዝገብ በሚገባ አልገባም። ባንክ የሚያበድረው ለባለ መሬቱ ወንድ ነው፤ የእርሻ ሠራተኛው ቤት መጥቶ የሚያነጋግረውም እርሱን ነው። መሐንዲሱ የአባቱን እርሻ እንጂ የእናቱን ጣውላ አጥንቶ አላደገም። ሥራው ከዐይን የተሰወረ በመሆኑ ችግሩም ተሰውሮ ኖረ፤ ነውር የተባለው ልማድ ደግሞ መጋረጃውን አወፈረው። ይህን መናገር የአበውን ሥርዓት መንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን በእንሰት ምድር ብዙ ወጣት ሴቶች ፍቂያውን ትተው ወደ ከተማ፣ ከ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም ወደ ሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት አዳራሽ መሄድን ሲመርጡ፣ ጓሮው የሚፍቅ ክንድ እንዳጣ መረዳት ይገባል። በወንዶ ገነትና በአካባቢው ጫት የእንሰቱንና የቡናውን ስፍራ እየወረሰ የመጣው ዋጋ ስለሚያወጣ ብቻ አይደለም፤ ጫት ይቀጠፋል፣ ይታሰራል፣ በዚያው ቀን ይሸጣል፤ ማንም ተቀምጦ ሊፍቀው አይገደድም።

ባለፉት ዓመታት ግን የእንሰት መፋቂያና መፍጫ መኪና የሚሠሩ እጆች ተነሥተዋል። በተለይ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰትን ሥራ እንደ አንድ ሙሉ ሰንሰለት ተመልክቶ፣ ቅጠሉን የሚፍቅ፣ አሚቾውን የሚፈጭ፣ ውሃውን የሚጨምቅ ልዩ ልዩ መሣሪያ ሠርቶ ለገጠር ሴቶች ማኅበራት እስከ ማቅረብ ደርሷል። የመፋቂያው ሥራ ቀላል ነው፦ በሞተር ወይም በእጅ የሚዞር ከበሮ ላይ የተበየዱ ስለት የሌላቸው ብረቶች ልጣጩን እየመቱ ነጩን ሥጋ ከክሩ ይለያሉ፤ ሴትየዋ ቆማ ታጐርሰዋለች እንጂ ተቀምጣ አትረግጥም። በዚህ ውስጥ የሚያስደንቅ የምሕንድስና ምሥጢር የለም፤ በሐዋሳ የብየዳ ቤቶች የባጃጅ ሻሲ የሚጠግን ወጣት ንድፉ ቢሰጠው ሊሠራው ይችላል።

ቢሆንም በዚህ ቦታ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ተብሎ የሚታወቀውና በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያዊው ሊቅ በዳኛቸው ይርጉና በባልደረባቸው ብራድቡሪ መጀመሪያ በሳይንስ የተገለጸው የባክቴሪያ በሽታ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የተበከለ ቢላዋና መሣሪያ ነው። የታመመ እንሰት የቈረጠ ገጀራ ሳይታጠብና በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ቢነካ፣ ልቡ ይጠወልጋል፣ ሲቈረጥም ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ከመቅበር በቀር። እንግዲህ አንድ መኪና በቀበሌው ሁሉ እየዞረ የሚሠራ ከሆነ፣ እናቶችን ከድካም ሲያድን ጓሯቸውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ መፋቂያው ከመተላለፉ በፊት በቀላሉ የሚፈታና በበረኪና የሚታጠብ ካልሆነ፣ ቢፈጥንም ባይፈጥንም ዋጋ የለውም። ይህ ነገር በንድፍ ወረቀት ላይ ሳይሆን በጓሮ ውስጥ ካልታሰበ በቀር ለመሐንዲሱ አይገለጥለትም።

በሜዳው በኩል ደግሞ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ተለውጧል። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከክልል የግብርና ቢሮዎች ጋር ሆኖ፣ ሳያርሱ በቆሎ መዝራትን በሠርቶ ማሳያ ካስተዋወቀ በኋላ፣ የሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከ2010 ጀምሮ፣ በዚያው አቆጣጠር፣ በአውስትራሊያ ድጋፍ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የበቆሎና የጥራጥሬ ምርምር አካል በመሆን፣ ሳይታረስ የሚዘራ በቆሎ ከቦሎቄ ጋር እየተሰባጠረ ምን እንደሚሰጥ በገበሬዎች ማሳ ላይ ፈትኗል። በሌላም በኩል ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል በኢትዮጵያ ባለ ሁለት እግር ትራክተሮችን አምጥቶ፣ አፈሩን ሳይገለብጡ በአንድ ጊዜ ሰንጥቀው ዘርና ማዳበሪያ የሚያስቀምጡ መዝሪያዎችን አሳይቷል። ዕውቀቱ መልካም ነው። እንቅፋቱ ግን በዚህ አገር የታወቀ ነው፦ አፈሩን ማልበስ ያለበት አገዳ በበጋ የላምና የበሬ ቀለብ፣ የምድጃም ማገዶ ነው። ሳያርስ የሚዘራውን መሣሪያ ለገበሬው ሰጥቶ አገዳውን በምን ይተካ ብሎ ያልጠየቀ ሰው፣ ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል። አረም መግደያ ካልተረጨ አረሙን የሚነቅለውም አሁንም የቤተ ሰቡ፣ ይልቁንም የሴቶቹና የልጆቹ እጅ ነው።

ውሃን በሚመለከት ግን የሚያስደስት ምሳሌ አለ፤ የሚገኘውም በአማራ ክልል ነው። በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታና በባሕር ዳር አቅራቢያ በሮቢት፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር በተካሄደ ጥናት፣ ቤተ ሰቦች ከጓሯቸው ጉድጓድ ውሃ ስበው ከፍ ባለ ማጠራቀሚያ ካኖሩ በኋላ፣ በጠብታ መስኖ ቱቦ ወደ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እግር ያደርሱታል፤ መሬቱ አይቈፈርም፣ ገለባና ሣር ይለብሳል። የተሸፈነው አፈር እርጥበቱን ስለሚይዝ ከተቈፈረው ማሳ ያነሰ ውሃ ይበቃዋል፤ ውሃውን ለመቅዳትና ለመሸከም የሚጠፋው ጊዜም ያጥራል። የአውስትራሊያው ሪቻርድ ስተርዛከር የፈለሰፈውና በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የተሞከረው የእርጥበት ጠቋሚ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚስማማ ትንሽ ብልሃት ነው፦ ከላይ የሰፋ፣ ከታች የጠበበ ዕቃ ከአፈር ሥር ይቀበራል፤ ውሃው እስከዚያ ጥልቀት ሲወርድ በቱቦው ውስጥ ያለው ቀይ ምልክት ብቅ ይላል፤ ገበሬውም ያን ጊዜ ማጠጣቱን ያቆማል። ባትሪ የለው፣ ስልክ የለው፣ ማንበብ የማያስፈልገው መሣሪያ ነው። በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ በኮምፒውተር የሚመራ መስሎት ለሚፈራ ወይም ለሚመካ ሰው ይህ ማሳያ ይበቃዋል።

ስልኩም ቢሆን ከጓሮው የራቀ አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የከፈተው 8028 የተባለው የስልክ አገልግሎት፣ ገበሬው ደውሎ ቍጥር እየነካ ስለ ሰብሉ በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ምክር የሚሰማበት ሲሆን፣ መሃይም ገበሬ ከመጽሐፍ ይልቅ ከድምፅ እንዲማር መንገድ ከፍቷል። ከ2019፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ጀምሮ ደግሞ ቱማይኒ የተባለ የስልክ መተግበሪያ የሙዝ ቅጠል ፎቶግራፍ ተነሥቶለት በሽታውን ይለያል፤ ከሚለያቸው ደዌዎች አንዱ እንሰትን የሚያጠወልገው ያው ባክቴሪያ ነው። ዕውቀቱ ለሙዝ ከተቻለ፣ የሙዝ ታላቅ ዘመድ ለሆነው እንሰት የማይቻልበት ምክንያት የለም፤ የሚያስፈልገው ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉራጌና ከወላይታ ጓሮዎች ብዙ ፎቶግራፍ መሰብሰብና፣ ለእያንዳንዱ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ፍርድ መስጠቱ ነው።

የሐዋሳን ዙሪያ ታሪክ ስመለከት፣ ሞተር በመጀመሪያ የሄደው ገንዘብ ወደ ነበረበት፣ ሁለተኛም መንግሥት ወደ ነበረበት እንደ ሆነ፣ ወደ ጓሮው የመጣው በሦስተኛው ዘመን መሆኑን እፈርዳለሁ። ጓሮው ግን ከሁሉ ይልቅ ሞተር ቢሰጠው አፈሩን የማያጠፋ፣ እንዲያውም ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲቀጥል የሚረዳ ቦታ ነበር፤ በዚያ የሚደክመው ክንድ ሲያርፍ እንሰቱ አይነቀልም፣ ፍጉ በቦታው ይቀራል፣ ተዳፋቱም ይሸፈናል። ስለዚህ ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለምርምር ማዕከሉ ባለሙያዎች፣ ለክልሉ የግብርና ቢሮና በመናኸሪያ በኩል ዕቃ ለሚያመጡ ነጋዴዎች የማቀርበው ልመና አጭር ነው፦ ለአዲስ መሣሪያ ገንዘብ ሲመደብ፣ ከሚያርሰው በፊት የሚፍቀው ይፈተን፤ ሲፈተንም ሁለት ሴቶች ዳገት ላይ ተሸክመው የሚያወጡት፣ ያለ መካኒክ የሚፈታ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሳይሄድ በፊት የሚታጠብ፣ በሴቶች ማኅበር ስም በብድር የሚገዛ ይሁን፤ ለሥራ መብቃቱን የሚመሰክሩለትም በጣውላው ላይ የኖሩት እናቶች ራሳቸው ይሁኑ።